«ሐሳቡን ከየት ታመጣዋለህ?» ለምትሉኝ፦ ከእንስራ ትከሻ

የጮቄ አፈር (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ እሠራለሁ፤ ራስ፣ ደረት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቁመና። ሥራዬን ያየ ሁሉ «ሐሳቡን ከየት ታመጣዋለህ?» ይለኛል። ሕልም አየሁ ብዬ እንድመልስ የሚጠብቅም አለ። የኔ መልስ ሸክላ ተራ ነው።

ቅዳሜ ገበያ እንስራ፣ ገንቦና ማድጋ ከተደረደሩበት ቁሙና እዩ። ጀሪካን ከመጣ ወዲህ እንስራው አንሷል፤ ሴቶቹ አሁን በብዛት የሚያወጡት ጀበና፣ ምጣድና ድስት ነው። ያለውን ግን እዩት፤ ትከሻቸው አንድ አይደለም። አንዱ ጠቦ ወርዷል፣ ሌላው ሰፍቶ ደረቱን ነፍቷል፣ አንዱ አንገቱን ሰበር አድርጓል። ሠሪዋ ይህን ያደረገችው ለዓይን ብላ አይደለም፤ ጀርባ ላይ እንዲያርፍ፣ ማዘያው እንዳይሾልክ፣ ሲቀዳ እንዳይንቦጫረቅ ብላ ነው። እኔ የሴት ጀርባ ስሠራ የምነሳው ከዚያ ትከሻ ነው። ሸክም የለመደ ጀርባ ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከሰው ሳይሆን ከእንስራ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም።

አሠራሬን ለጠየቃችሁኝ፦ ወረቀት ላይ ብዙ አልነድፍም። መዳፍ የምታህል ናሙና በጭቃ እጨብጣለሁ፤ ብዙ እጨብጥና አብዛኛውን መልሼ ውሃ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ከተረፉት አንዱ ያድጋል። ትልቁን ስሠራ እንደ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭቃውን በገመድ መልክ እየጠቀለልኩ፣ ዙሪያውን እየደረብኩ፣ ውስጡን ባዶ አድርጌ ነው ወደ ላይ የምወጣው። አንዱ ዙር ጠንከር እስኪል መጠበቅ ግድ ነው፤ ቸኩዬ ሌላውን ከጫንኩበት ከታች ይተኛል። ሥራውን የሚለውጠው ይህ መጠበቅ ነው። ጠዋት ቀጥ ብሎ የተውኩት አንገት ከሰዓት ስመለስ ትንሽ አጎንብሶ ይቆየኛል። አንዳንዱን አቃናለሁ። አንዳንዱ ግን ካሰብኩት ይበልጣልና እተወዋለሁ፤ የሚቀጥለውንም ክፍል ለዚያ ጉንበሳ እንዲስማማ አድርጌ እሠራለሁ። ደረቱ ይለወጣል፣ እጁ የሚያርፍበት ይለወጣል፣ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይወጣል።

ሲጠና በቢላ እፍቃለሁ፣ ቀይ አፈር በውሃ አቅጥኜ እቀባለሁ፣ ከወንዝ በተለቀመ ልሙጥ ጠጠር እስኪያበራ አሻለሁ። ከዚያ ጥላ ላይ ይደርቃል። የሚተኮሰው ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ነው፤ እቶን የለም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ወፈር ያለ ሥራ ሜዳ ላይ ተኩሳችሁ የተሳካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት? ቅርጽ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ፣ እናንተስ ከምን ትነሳላችሁ?

ሙቀት ለኪ

የመጀመሪያውን ልመልስ፤ ሁለተኛው ለጥበበኞቹ ይቆይ።

ጭቃ ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ ያቦካህበት ነው። ጥላ ላይ አብዛኛው ይወጣል፤ የቀረው 100 ዲግሪ አካባቢ እንፋሎት ይሆናል። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ያፈነዳዋል። ብዙ ሰው «እሳት በላው» የሚለው ይህንን ነው። ሁለተኛው ውሃ የአፈሩ የራሱ አካል ነው፤ በግምት ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢነክሩትም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በመካከሉ ደግሞ 573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ፣ ማለትም አሸዋው፣ በድንገት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል። ስለዚህ እሳቱ ሲወጣ የተረፈ ሥራ ሲወርድ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፍሙ ሳይሞት ጎትቶ ማውጣት ለስስ ዕቃ እንጂ ለወፍራም አይሆንም።

ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት ከ600 እስከ 900 ይደርሳል፤ ክፋቱ ፈጥኖ መድረሱ ነው። ምጣድና ድስት የሚተርፉት ስስ ስለሆኑና ገል ስላለባቸው ነው። ገል አንዴ እሳት ያየ ሸክላ ስለሆነ ከእንግዲህ አይኮማተርም፤ ለእንፋሎቱም መንገድ ይከፍታል። ወቅጠህ፣ ነፍተህ፣ ከአራት አንድ እጅ ያህል ቀላቅል። ግድግዳህ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። አፍንጫና አገጭ የለጠፍክበት ሁሌም ወፈር ይላል፤ ከውስጥ በኩል ገብተህ ፈልፍለው። የተዘጋ ባዶ ቦታ ካለ በማይታይ በኩል ቀዳዳ አውጣለት። ከመተኮሱ በፊት ምድጃ ዳር አቁመህ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

መለኪያ ባይኖርህ የፍሙን ቀለም ጨለም ባለ ሰዓት እይ፦ ደብዘዝ ያለ ቀይ ከ600 እስከ 700፣ ደመቅ ያለ ቀይ 800 ገደማ፣ ወደ ብርቱካን ሲያደላ 900ን ይዟል።

እናቷን የመሰለች

ከዳንግላ በኩል ነኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፣ አያቴም ነበረች። ወንድምዓለም፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ፤ ግን እናቴን «ሐሳቡን ከየት ታመጪዋለሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የሚጠይቋት ዋጋ ነው። ቀጥሎ «ቀንሺ» ነው።

ሐሳብ ግን አላት። ጀበና ስትሠራ ሆዱን ጨርሳ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ገዢዋን የምታውቃት ከሆነ ያኔ ነው የምትወስነው። ለአሮጊት ከሆነ ጆሮውን ሰፋ ታደርገዋለች፣ የከረመ ጣት እንዲገባ። ቡና ለምትሸጥ ከሆነ ቂጡን ታሰፋዋለች፣ ሰው በበዛበት እንዳይገለበጥ። ከንፈሩ ላይ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሦስቴ ትጫንና አንዱን ትዘላለች፣ እንደገና ሦስት። ገበያ ሙሉ ጀበና መሃል የሷን ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ እለየዋለሁ። አፈሩን እንኳ ከሁለት ቦታ ነው የምታመጣው፤ አንዱ ይያያዛል፣ አንዱ እሳት ይችላል። መጠኑን የምታውቀው በምላሷ ነው፣ ትቀምሰዋለች።

ሌላውን ታውቁታላችሁ። የሠራችውን ድስት ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፤ በሷ ቤት ያንኑ ወጥ ቢቀርብላቸው አይቀምሱም። ልጆች ሆነን ስማችን «የቡዳ ልጅ» ነበር። ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ነው። በእግሩ እየመጣ መሰለኝ፣ እኛ ሰፈር ገና አልደረሰም።

ቁም ነገር

ቅር እንዳትሰኙ፣ ግልጹን ልናገር። ጀበና ላይ አፍንጫ ለጥፎ ቅርጻ ቅርጽ ማለት በዝቷል። ወለቃ የሄደ ያውቀዋል፦ መንገድ ዳር ትንንሽ አንበሳ፣ ትንንሽ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ ሁሉም ለቱሪስት ሻንጣ የተለኩ። ቅርጽ የምለው ድንጋይና ነሐስ ነው፣ አደባባይ የሚቆም። ሸክላ ዕቃ ነው፤ ይሰበራል። «እንስራው አስተማረኝ» የሚለውም ለኤግዚቢሽን የሚጻፍ ወሬ ይመስለኛል።

ጣና ዳር

ቁም ነገር፣ ወለቃን በአንድ አፍ አትለፋት። ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ርስት የተነፈጋቸው ሰዎች እጃቸውን ይዘው ቀሩ፤ ወንዱ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ። ለጎረቤት ገበሬ ድስትና ምጣድ ሲሠሩ የኖሩ እጆች ናቸው ጎብኚ ሲበዛ ወደ ትንንሽ ምስል የዞሩት። ገዢ ስላገኘ ሥራው ይረክሳል? እንዲያ ከሆነ የደብር ሠዓሊውም በክፍያ ነው የሠራው።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጡ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር የምታየውን በአብዛኛው የሚሠሩት ሌሎች ናቸው። አንበሳው ራሱን እየደገመ መሄዱ እኔም ይታየኛል፤ ምክንያቱ ግን ሸክላ መሆኑ አይደለም፣ ቅርጹን የፈጠሩት እጆች አገር መልቀቃቸው ነው።

«ይሰበራል» ላልከው፦ ናይጄሪያ ውስጥ ኖክ የሚባሉት የሸክላ ሰዎች ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ መሬት ውስጥ ቆይተው ፊታቸው ዛሬም ይታያል። ነሐስ መንግሥት ሲለወጥ ይቀልጣል። ሸክላን ማንም መልሶ አያቀልጠውም፤ ቢሰበር እንኳ ገሉ ለሚቀጥለው ሥራ ይወቀጣል።

የዋሸራ ቆሎ ተማሪ

እኔ ሥዕልም ቅርጽም አልሠራም፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል አለ፣ የቆመ ምስል ግን ልማድ አይደለም። ስለዚህ ሠዓሊው በግድግዳና በብራና ላይ ብዙ መቶ ዓመት ሲራቀቅ፣ ቀራጩ መስቀል ላይና በር ላይ ቀረ። ቁም ነገር ያልከው «ቅርጽ ማለት ሐውልት ነው» የሚለው ሐሳብ ራሱ የቅርብ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጣና ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ናርጋ ሥላሴ ስትገቡ ጻድቃኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩአችኋል። አሳዳጁ፣ ገራፊው፣ ሰይጣኑ ግን በጎን ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይን። ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። ጮቄ አፈር፣ አንተ የምትሠራውን ግን ሰው ዞሮ ያየዋል። በጎኑ የቆመ ሰው ጻድቁንም በአንድ ዓይን ያየዋል። ይህን ምን ታደርገዋለህ? ወይስ አላሰብክበትም?

የጮቄ አፈር

መምህር፣ ጥያቄዎት አስነሣኝ! እኔም ያደግሁት እነዚያን ዓይኖች እያየሁ ነው፤ ሰው ስሠራ የሚመጡብኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ አካባቢ ፊቱን እንደ እውነተኛ ሰው ክብ አድርጌ ስሠራ፣ ከጎን ሲታይ የማላውቀው ክፉ ሰው ይሆንብኝ ነበር። ምክንያቱን ያኔ በቃል አላስቀመጥኩትም፤ እርስዎ አሁን አሉልኝ።

ያደረግሁት ይህ ነው። ፊቱን ሰፋና ጠፍጠፍ አደርገዋለሁ፣ ከእንስራ ሆድ ላይ የተቆረጠ ይመስል። የአፍንጫውን ድልድይ ዝቅ፣ ዓይኖቹን ደግሞ ረዘም አድርጌ እስከ ጆሮ ግንድ እወስዳቸዋለሁ። እንዲህ ሲሆን ትንሽ ወደ ጎን የቆመ ሰው ሁለተኛው ዓይን አይጠፋበትም፤ ጫፉ ይከተለዋል። ሙሉ በሙሉ ጎኑ ላይ ከቆመ ግን መፍትሔ የለኝም። እዚያ ላይ ሐሳቡን ገልብጬ ተጠቀምኩበት፦ አንድ ራስ አለኝ፣ ቀኝ ጎኑ ቀይ፣ ግራው ጥቁር። ቀለም አልቀባሁትም። ሲተኮስ በግራ በኩል ጭድና ቅጠል አፍነንበት ጢሱ ውስጡ ገባ፤ ቀኙ አየር ሲያገኝ ቆየ። ማን ከየት ሆኖ እንደሚያየው እሱ ይወቅ። ድንበሩ ግንባሩ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ነበር ያሰብኩት፤ እሳቱ ወደ ከንፈሩ አጥፎታል። እኔ ባወጣው እንዲህ አላጠፈውም ነበር።

ቁም ነገር፣ ኤግዚቢሽን ወሬ ያልከውን አልቀየምህም። ግን ና እና ቅዳሜ አብረን እንቁም።

የዋሸራ ቆሎ ተማሪ

መምህር አትበለኝ፣ ቅኔው ሳይገባኝ የወጣሁ ነኝ። መምህር መባሌን ዘመዶቼ እንዳይሰሙ።

ከንፈሩ ላይ መታጠፉን ወድጄዋለሁ። ከንፈር የሁለቱም ነው።

የሞጣ ልጅ ሎንዶን

ዕቃና ቅርጽ ላይ ለተነሳው፣ መግደሊን ኦዱንዶ የምትባል ሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1950 ኬንያ ተወልዳ እንግሊዝ አገር የምትኖር። ሥራዋ ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። የምትሠራው እንስራ ነው ብትል አትሳሳትም፦ ሆድ፣ አንገት፣ ከንፈር። ግን ምንም አይቀዳበትም። አንገቱ ሲያጋድል ልብስ ያጣበቀች ሴት መስላ ትታይሃለች፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ናይጄሪያ ሄዳ፣ ያኔ አቡጃ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ሱሌጃ፣ ከጓሪ ብሔረሰብ ሴቶች ጭቃ ያለ መዘውር በእጅ ማንሳት ተማረች። ትጠቀልላለች፣ ትፍቃለች፣ ቀጭን ጭቃ ቀብታ ታሻለች፤ ጮቄ አፈር ከጻፈው ብዙ አይርቅም። አንዴ አየር እያገኘ ስትተኩሰው ብርቱካንማ ይሆናል። እንደገና አፍና ስትተኩሰው ይጠቁራል። ያ የሚያበራ ጥቁር ቀለም አይደለም፣ እሳት ነው።

እዚያ ካስተማሯት አንዷ ላዲ ኳሊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1984 ዐርፋለች። የናይጄሪያን ባለ 20 ናይራ ብር ገልብጣችሁ እዩት፤ ማድጋዋን ስትሠራ ጀርባው ላይ አለች።

እናቷን የመሰለች

ሸክላ ሠሪ ሴት ብር ላይ?? ቆይ፣ ፎቶውን ለእናቴ ላሳያት።

ቁም ነገር

ስለ ኦዱንዶ አላውቅም ነበር፤ እሺ። ግን ያ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። እንስራ ቅርጽ ከሆነ፣ ገበያ ላይ ያለው እንስራ ለምን በጥቂት ብር ይሸጣል፣ የጮቄ አፈር ራስ ለምን በብዙ ሺህ? አንዱ ጥበብ አንዱ ዕቃ የሚሆነው ሠሪው ማን ስለሆነ ነው?

እናቷን የመሰለች

አሳየኋት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ «እንስራዋ ደህና ነው፤ ከንፈሩን ግን አወፍራዋለች፣ ይሰነጠቅባታል» አለች። ብሩን ስንት ነው ብላ አልጠየቀችም፣ ጭቃው ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀችኝ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ መልስ እየጠበቀች ነው።

ቁም ነገር ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ጥያቄ ጠየቀ። እኔም ልጨምርበት። ወንድምዓለም፣ «አፍነንበት» ብለሃል። እነማን ናችሁ? ተኩሱን የምትተኩሰው አንተ ነህ?

የጮቄ አፈር

እህትዓለም፣ አይደለሁም። የሚተኩሱልኝ አንዲት እናት ናቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አልፈቀዱልኝም። ቀኑን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ነፋስ ካለ «ዛሬ አይሆንም» ይላሉ፣ አለቀ። የትኛው ከታች የትኛው ከላይ እንደሚሆን፣ ኩበቱ የት ላይ እንደሚሳሳ የሚወስኑት እሳቸው። ባለ ሁለት ቀለሙን ራስ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ፣ እንዴት እንደሚሆን ያወቁት እሳቸው። ጭዱን በስንት ሰዓት መጣል እንዳለበት እኔ ዛሬም አላውቅም።

ለአንድ ተኩስ እከፍላቸዋለሁ፣ ከገበያ ዋጋ ይሻላል። ከሥራው ሽያጭ ግን ድርሻ የላቸውም። ቁም ነገር የጠየቀው እሱን ነው፤ መልሴ አጭር ነው፣ አዎ፣ ሠሪው ማን ስለሆነ ነው። እኔ «ቀራጭ» ተብዬ ግድግዳ ላይ ስሜ ይለጠፋል። በሽያጩ ላይ ድርሻ ይኑርዎት ብያቸዋለሁ፤ «ሳይሸጥ ቢቀርስ የሰው ዕዳ ልሸከም?» አሉኝ። እየተከራከርን ነው።

እናቷን የመሰለች

ልክ ናቸው። የዛሬውን ይስጠኝ ማለት ነው። የተሸጠ ዕለት ጨምርላቸው እንጂ ያልተሸጠውን አታካፍላቸው። በጽሑፍ አድርገው ደግሞ፣ ልጆቻቸው እንዲያነቡት። ስማቸውን ካልፈለጉ ምልክታቸው ይኑር፤ እናቴ ጥፍሯን እንደምትጫነው፣ ሥራው ሥር፣ ሳይደርቅ።

የጮቄ አፈር

ምልክቱን አላሰብኩትም ነበር። እነግራቸዋለሁ። እሺ ካሉ አዲሱ ሥራ ላይ ገና እርጥብ ነው።

ቢቸና 07

ክሩን ሙሉውን አነበብኩት። ልጀምር ነው። እኛ ጋ ያለው መረሬ ነው፣ ጥቁሩ። ይሆናል? ደግሞ እናትየዋ ስለ ናይጄሪያው ጭቃ የጠየቁትን ማንም አልመለሰም።

ሙቀት ለኪ

የናይጄሪያውን አፈር በእጄ አልነካሁትምና ለእናታችን አልዋሽም። የሞጣው ልጅ ሙዚየሙን ይጠይቅልን።

ለመረሬው፦ ብቻውን አይሆንም። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በበጋ ማሳው ላይ እግር የሚያስገባውን ስንጥቅ አይተኸዋል። ቀዩን አፈር ፈልግና መረሬውን ለማያያዣ ያህል ጥቂት ጨምርበት። ከዚያ ሞክረው። ከጭቃው ጣት የሚያህል ዘንግ ሥራ፣ ላዩ ላይ በእሾህ፣ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር አስምር፣ ጥላ ላይ አድርቀህ መስመሩን እንደገና ለካው። ከ9 በታች ከወረደ ገል ጨምር፣ እንደገና አስምር። ዘንጉ ከጎበጠ ደግሞ ሁለቱንም ጎን እያገላበጥክ አላደረቅኸውም ማለት ነው፤ አፈሩን አትውቀሰው።